ዱዓ ያልደረሰው ጥግ

ደሴ ሰኞ ገበያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ጉልበቴ ላይ ያቀፍሁትን ላስቲክ አየት መለስ አድርጋ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አፈር ነው» አልኋት፤ ሌላ ምን እላታለሁ። ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቀኝም ደጋን፣ ለአባቴ ነው አልሁ። ወደ ረዳቱ ዞር ብላ «ሰማህ? ደጋን አፈር አልቆባቸው ከደሴ እየተጫነላቸው ነው» ስትለው ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ተስቆብኝ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። «እዚህ ውስጥ ያሉት ቀን ከሌት ይሠራሉ፤ እንደ አንዳንዱ የሰው ጉልበት ሲያዩ አይውሉም» አልኋትና የመስኮቱን መጋረጃ ሳብሁ። መጋረጃውን የሳብሁት ተናድጄ አልነበረም፤ ፀሐዩ ላስቲኩ ላይ እንዳያርፍብኝ ነው።

አፌ ቀድሞኝ የሚሄድ ሴት ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ ዝም ማለት ምን ያህል እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ ነው።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ ክር ፋብሪካ፣ ፈተላ ክፍል። አባቴ ከደጋን ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ከአባታቸው የወረሱትን መሬት ያርሳሉ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ወንድሜ ዓረብ ሀገር ከገባ ወዲህ የሚመጣው ድምፁ ብቻ ነው። አባቴና መሬቱ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል ማለት ይቻላል። መሬቱ ደግሞ ደክሟል። ዓመት በዓመት ጤፍና ማሽላ፣ ጤፍና ማሽላ ሲዘራበት ኖሮ፣ ዩሪያ ካልተነሰነሰልኝ አልነሳም የሚል መሬት ሆነ። በዚያ ዓመት ዩሪያው ጠፋ። ሰዉ ባዶ ጆንያ ይዞ እየሄደ ባዶ ጆንያ ይዞ ይመለስ ነበር። አባቴም ተሰልፈው ተሰልፈው፣ አንድ ቀን ጆንያቸውን አጣጥፈው ቆጥ ላይ ሰቀሉት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጤፉ ከመሬት አልተነሳም፤ የነበረውም ለከብት ታጭዷል። አባቴ እርሻው ዳር ተቀምጠው በዱላቸው ጭቃ ይቆፍራሉ።

«መሬቱም ከእኔ ጋር አረጀ» አሉኝ። «እርጥበቱ ሳይሄድ ሽምብራ ልዝራበትና ልሞክረው። እሱንም እምቢ ካለኝ፣ ለጎረቤት በእኩል ሰጥቼው አንቺ ጋ እገባለሁ።»

በእኩል መስጠት ማለት ሌላ ሰው አርሶ ምርቱን እኩሌታ ማምጣት ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ነውር የለውም። ሌላ ሴት ብትሆን አባቴ ሊጦር እኔ ጋ ሊመጣ ነው ብላ ትደሰት ይሆናል። እኔ ግን መጀመሪያ ያሰብሁት ክፍሌን ነው። የምኖረው ከአከራዬ ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋው፣ ጄሪካኑና ምድጃው ተቃቅፈው ያድራሉ። አባቴ ደግሞ ሱብሂ ሰግደው ድንበሩን አንድ ጊዜ ካልዞሩ ቁርስ የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። እኔ ፈረቃ ስገባ ያ ሰው የት ሊዞር ነው? አባቴን ከዚያ መሬት ነቅሎ ኮምቦልቻ መትከል መግደል ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ።

ሽምብራው እንዲበቅልላቸው አንድ ነገር ላደርግ ተነሳሁ። ደሴ ላይ ለጥራጥሬ የሚሆን ሕያው ማዳበሪያ መጥቷል ሲባል ሰምቼ፣ በእረፍት ቀኔ ወጣሁ። የአፈር ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። እኔ እንደ ዩሪያ የሚነሰነስ ነገር ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ጥቁር ብናኝ የሞላበት ትንሽ ላስቲክ አወጣችልኝ።

«ይሄ ለአንድ እርሻ ይበቃል?» አልኋት ፊቴን ከስክሼ።

«ማዳበሪያው አፈሩ አይደለም» አለችኝ። «በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በሕይወት አሉ።»

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ተክል እንዲፋፋ ናይትሮጅን ይፈልጋል። ናይትሮጅን ደግሞ እንደ ልብ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው እሱ ነው። ግን ተክል ከአየር ላይ ሊወስደው አይችልም፤ ሁለት ሁለት ሆኖ እርስ በእርሱ ተጣብቋል፣ የሚያላቅቀው ይፈልጋል። ሰው በፋብሪካ የሚያላቅቀው በስንት እሳትና ግፊት ነው፤ ዩሪያ የሚባለውም መነሻው ይኸው ነው። እነዚህ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ግን ሽምብራው ሥር ውስጥ ገብተው ያለ እሳት ይሠሩታል። ሥሩ ላይ ትንንሽ እባጭ ይወጣል፤ ያ ቤታቸው ነው። ተክሉ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ወደ ታች ይልክላቸዋል፣ እነሱም ናይትሮጅኑን አላቅቀው ተክሉ ሊጠቀምበት በሚችለው መልክ ይሰጡታል። የተረፈውም ሥሩና ቅጠሉ ሲበሰብስ ለአፈሩ ይቀርና ለከርሞው ጤፍ ይሆናል።

እኔ ፋብሪካ ስለምውል ቶሎ ገባኝ። ማደሪያና ምግብ ተሰጥቷቸው ፈረቃ የሚገቡ ሠራተኞች ናቸው ማለት ነው። የእኛ መሬት ለምን የራሱ እንደሌለው ስጠይቃትም ነገረችኝ። እያንዳንዱ ጥራጥሬ የሚስማማው ባክቴሪያ አለው፤ የባቄላው ለሽምብራ አይሠራም። ሽምብራ ለብዙ ዘመን ያልተዘራበት መሬት ላይ የሽምብራው ወገን ወይ ጠፍቷል ወይ ሰንፏል።

ላስቲኩን ስትሰጠኝ ማስጠንቀቂያው በዛ። ሙቀት አይወዱም። ፀሐይ ይገድላቸዋል። አመድ የተነካ ዘር፣ የነቀዝ መድኃኒት የተነካ ዘር አይሆንም። ዘሩን ጥላ ሥር በስኳር ውኃ አርጥቦ፣ ብናኙን ለውሶ፣ ወዲያው እርጥብ መሬት ውስጥ መቅበር ነው። «ሕፃን እንደያዝሽ ሁኚ» አለችኝ። ሚኒባሱ ውስጥ የተሳቀብኝ ለዚህ ነው።

የደሴ ብርድ ለእነሱ ደኅና ነው። ቁልቁለቱን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ግን ሙቀቱ ተቀበለን። ላስቲኩን በእርጥብ ሻርፕ ጠቅልዬ አከራዬ ቤት እንስራው ሥር አሳደርሁት፣ በማግስቱም ገና ሳይሞቅ ደጋን አደረስሁት። አባቴ ተቀብለው አሸተቱት።

«ነፍስ አላቸው ነው የምትይኝ?»

«አላቸው አባ።»

«ይበላሉ?»

«ስኳር ይበላሉ፣ ኋላ ደግሞ ሽምብራው ይመግባቸዋል።»

«እንግዲያስ እንግዶች ናቸው» አሉ አባቴ፣ ከልባቸው። ላስቲኩን ወስደው በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከሚሰግዱበት አጎዛ አጠገብ አኖሩት።

ማሳው ውኃ ቋጥሮ ስለነበር ገና ጥቂት ቀን መጠበቅ ነበረበት። እኔ የምቆይበት ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ የባለሙያዋን ትእዛዝ እስኪሰለቻቸው ደገምሁላቸው። ጥላ ሥር ይለውሱት፣ አመድ አያስነኩት፣ በለወሱት ቀን ይዝሩት። እሳቸውም «አብሽሪ፣ ገብቶኛል» እያሉ ሸኙኝ። በሚዘሩበት ቀን ልገኝ አለቃዬን ብጠይቀው ሰው የለኝም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልነበረውም። ማሽኑ ደግሞ አባት አያውቅም፤ ክሩ ሲበጠስ የሚቀጥል እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እኛ አገር ዘር ያለ ዱዓ መሬት አይገባም። ሽማግሌዎች ይጠራሉ፣ ዘሩ ፊታቸው ይቀርባል፣ እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ነው በሬው የሚጠመደው። ይህን እኔም ተወልጄ ያደግሁበት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየፊናው እንዲህ ያደርጋል። ግን ዱዓው የእኛ፣ ላስቲኩ የደሴ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌን ላይ ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ስልካችንን ፈረቃ ስንገባ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው፤ ስወጣ አባቴ ደጋግመው ደውለው አገኘሁ። በፋብሪካው አጥር ሥር ቆሜ መልሼ ደወልሁ። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነው።

«እንግዶችሽን በክብር ሸኘናቸው ልጄ» አሉኝ። «ጠዋት ግራሩ ጥላ ሥር ለወስሁት፣ ልክ እንዳልሽው። ስኳሩን በጥብጬ፣ ጥቁር እስኪል። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከነሸህዬው መጡልኝ። ዱዓው ከፍሬ ፍሬ እንዲደርስ ብዬ፣ ሰሌን ሜዳው ላይ ዘርግቼ አሰጣሁት።»

«ሜዳው ላይ?»

«እንዴታ። ዱዓ ከሰማይ በታች ነው፤ ጣራ ይፈልጋል እንዴ?»

«እስከ ስንት ሰዓት አባ?»

«ሸህዬው ዱዓቸው ረጅም ነው፣ ማሻአላህ። ዐስር ሊሰገድ ሲል ነው ዘርተን የጨረስነው። በይ አሚን በይበት።»

ሰዓቱን በልቤ ቆጠርሁት። ከዝሁር እስከ ዐስር፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዝናብ በወጣለት በደጋን ፀሐይ፣ ስስ አድርገው እንደ በርበሬ አስጥተውታል። በለወሱት ቀን ይዝሩት ብዬ ነበር፣ በለወሱት ቀን ዘሩት። ጥላ ሥር ይለውሱት ብዬ ነበር፣ ጥላ ሥር ለወሱት። ከቃሌ አንዲት አላጎደሉም። አሁን ገድለዋቸዋል ብላቸው ምን ይጠቅማል? ዘሩ ገብቷል። ደስታቸው ደግሞ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። እኔ ለአለቃ የማልመለሰው ሴት፣ በፋብሪካ አጥር ተደግፌ «አሚን» አልሁ።

በማግስቱ ለባለሙያዋ ደወልሁ። ነገሩን ስነግራት አንዳንዶቹ ተርፈው ሊሆን ይችላል አለችኝ። ሌላ ላስቲክ ካላት ለመንኋት፤ አልቋል፣ ቢኖርም ዘሩ ከተቀበረ በኋላ እንደ ልብ አይሆንም አለች። ማወቅ የሚቻለው ሽምብራው ሲያብብ ነው። አንድ እግር ከነሥሩ በቀስታ ነቅሎ እባጩን በጥፍር መሰንጠቅ፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ቀይ ከሆነ እየሠሩ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ወይ የሉም ወይ አይሠሩም። «እስከዚያ ምንም ማድረግ አይቻልም» አለችኝ።

ምንም ማድረግ አለመቻልን የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈጠረብኝም። ሰው ቢበድለኝ እጣላለሁ፣ ነገር ቢጠፋብኝ ቤቱን አገለብጣለሁ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ? በዓይን የማይታይ ነገር በማላየው መሬት ውስጥ ይኑር ይሙት አላውቅም። ፈተላ ክፍል የጥጡ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ክር ስቀጥል፣ ልቤ ደጋን ነው። አባቴ ሲደውሉ መጀመሪያ «በቀለ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀጥሎ «ትንሽ ገርጣ ብሏል» አሉ። ከዚያ ስለ ሽምብራው መናገር ተዉና ስለ ጤናዬ ብቻ መጠየቅ ጀመሩ። ያኔ ነው የገባኝ።

ሲያብብ ሄድሁ። ከመንገዱ ላይ ሆኜ ገና ሳየው ዕንባዬ መጣ። ማሳው ቢጫ ነው። ሽምብራው ቀጥኖ፣ ታችኛው ቅጠሉ ረግፎ፣ ቆሜያለሁ ለማለት ያህል ቆሟል። ከገደሉ በኩል ባለው ጥግ ላይ ግን አንድ ቁራሽ መሬት አረንጓዴ ነው፤ ሌላ ሰው የዘራው ይመስላል፣ ጥቅጥቅ ብሎ እግር አያስገባም።

አባቴ ቀድመውኝ ወደዚያ ጥግ ሄደው ቆሙ።

«ይሄ» አሉ በዱላቸው እያመለከቱ፣ «ሰሌኑ አልበቃ ብሎ የተረፈው ዘር ነው። በሳፋ ሆኖ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ግራሩ ሥር ቀርቶ ነበር። ረስቼው፣ ዱዓው ካለቀ በኋላ ነው ያገኘሁት። ዱዓ ያልደረሰው ይሄ ነው።» ዞር አሉና ቢጫውን አዩት። «ያ ደግሞ የደረሰው ነው።»

ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ከቢጫው አንድ እግር ነቀልሁ። ሥሩ ራቁቱን ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ እንደ ሽፍታ ያለ ነገር አለበት፣ ስሰነጥቀው ውስጡ ነጭ። ከአረንጓዴው ጥግ ስነቅል ሥሩ በእባጭ ተሞልቶ መጣ። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ቀይ ነው፣ እንደ ሥጋ። ጣቴን እስኪያቀላው። በሌላ ጊዜ ባያቸው በደስታ እጮኽ ነበር። ሕያዋን ናቸው፤ ዩሪያ በሌለበት፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከአየር ላይ እያወረዱ ይመግቡታል። ያ ሁሉ ማሳ እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር።

አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «ሌት ተቀን እያሰብሁት ነው» አሉኝ። «አላህ ዱዓዬን ሳይቀበል መለሰብኝ። የደረሰበትን አደረቀ፣ ያልደረሰበትን አለመለመ። ከዚህ በላይ በምን ይናገራል? መሬቱን ተወው እያለኝ ነው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ነው ያላወቅሁት።»

ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልሁም። ያን ጊዜስ ዝም ማለት ኃጢአት ነው አልሁ በልቤ። «አባ፣ አላህ አልመለሰብዎትም» አልኋቸው። «ፀሐዩ ነው። እነዚህ ነገሮች ፀሐይ ይገድላቸዋል። ሰሌኑ ላይ ያለው ከዝሁር እስከ ዐስር ተሰጥቶ ዋለ፣ ሞቱ። ሳፋው ውስጥ ያሉት ጥላ ሥር ስለነበሩ ተረፉ። ሌላ ምንም የለውም። በደል የለብዎትም።»

ቀዩን እባጭ ከእጄ ወሰዱና መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት። ዱዓ ሲደረግ እንደሚዘረጋው መዳፋቸው ተዘርግቷል። የደነገጡ መስሎኝ ሳላስበው ክንዳቸውን ያዝሁ።

«ይሄንን ለማን ነግረሻል?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ለደሴዋ ባለሙያ ብቻ።»

«ለመንደሩ ሰው እንዳትናገሪ። ለአንድም ሰው።»

«ለምን አባ? ሰዉ እኮ የሚያወራው ሌላ ነው። ዱዓ የተመለሰበት ሰው ነው እያሉዎት ነው።»

«ይበሉ» አሉ። «ሸህዬው እግራቸውን ያማቸዋል፣ ታውቂያለሽ። በዚያ ፀሐይ ተደግፈው መጡልኝ። ቁጭ ይበሉ ብላቸው፣ ቆሜ ነው ብለው እጃቸውን እንደዘረጉ፣ ላባቸው በጺማቸው ሲወርድ አይቻለሁ። ሌሎቹም እንደዚያው፣ ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ። አሁን ሄጄ ዱዓችሁ ዘሬን ገደለው ልበላቸው? ያ ሽማግሌ ከዚህ በኋላ ለማን እጁን ይዘረጋል?»

«እርስዎስ?» አልኋቸው። «መሬትዎስ?»

«መሬቱ ሄዷል ልጄ። ይሄን ብናገር ያለቀው ዘር አይመለስም፤ ዝም ብዬ ደግሞ ዳግም ልዝራ ብል፣ አላህ ከከለከለው ጋር ይታገላል ይሉኛል።» እባጩን መልሰው አፈሩ ውስጥ ቀበሩት። «ዝም አይነቅዝም።»

ተከራከርሁ። ተቆጣሁ። እንዲያውም አለቀስሁ። ይህ ደግነት አይደለም፣ ራስን መቅበር ነው አልኋቸው። ሁሉንም ሰምተውኝ ሲያበቁ «ጨረስሽ?» ብለው ተነሱ። አባቴ እንዲህ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ በሩን ይዘጉታል።

አዝመራው ሲደርስ ለነቀላ ሄድሁ። እኛ ጋ ሽምብራ አይታጨድም፣ ከነሥሩ ይነቀላል። አባቴ እያንዳንዱን ሲነቅሉ ሥሩን በእጃቸው መታ መታ አድርገው አፈሩን ያራግፉታል፤ የመሬቱን ለመሬቱ ይተዋሉ። ያ ጥግ ብቻውን ከቀረው ማሳ ሁሉ ጋር የሚወዳደር ምርት ሰጠ። ጎረቤታችን ለማገዝ መጥቶ ጥጉን ሲያይ «ይሄኛውን ምን አድርገውበት ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴም ልጄ ከደሴ ያመጣችው መድኃኒት ነው፣ እዚህኛው ላይ ብቻ ያዘልኝ አሉት። ውሸትም አልነበረም።

መሬቱን ለዚሁ ጎረቤት በእኩል ሲሰጡ ሽማግሌዎቹ ውሉን በፋቲሓ ዱዓ ሊያጸኑ ተጠሩ። ግራሩ ሥር ተቀመጥን፤ በዚህ ቀን ሁሉም ጥላ ፍለጋ ገብቷል። ሸህዬው በፍቅር ነው የተናገሩት፣ ያ ነው ክፋቱ፤ ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ዱዓ እንዲያው አይመለስም» አሉ አባቴን እያዩ። «ቀልብን መመርመር ነው። ያስቀየምኸው ሰው፣ የገፋኸው ድንበር ካለ አስታውስ። ዛሬ ሰዉ ተሰብስቧል፣ ይቅር እንዲልህ አውፍ አስብል።»

አባቴ የማንንም ድንበር ገፍተው አያውቁም። ድንበር ላይ የበቀለ ሣር እንኳ ለጎረቤት ከብት የሚተዉ ሰው ናቸው። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ፀሐዩ ነው፣ ፀሐዩ ነው፣ እናንተና ፀሐዩ ናችሁ ልል አፌን ከፍቻለሁ። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው የቁጣ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ አባቴ ሲለምኑኝ አየሁ። አፌን ዘጋሁት።

«ልክ ነዎት ሸህዬ» አሉ አባቴ። ከተቀመጡበት ተነሱና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሰዉን ሁሉ በየተራ አዩ። «ያስቀየምሁት ካለ አውፍ በሉኝ። አውቄም ሳላውቅም ያጠፋሁትን አውፍ በሉኝ።»

«አውፍ ብለናል» አለ ሰዉ በአንድ ድምፅ። እኔ ብቻ አላልሁም። ምን አጥፍተው ነው አውፍ የምላቸው?

አሁን አባቴ እኔ ጋ ናቸው። ሱብሂ ሰግደው ግቢውን ይዞራሉ፤ ግቢው ደግሞ ወዲያው ያልቃል። መልሰው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። የአከራዬ ጎረምሳ ልጆች ሙዚቃ ሲከፍቱ ምንም አይሉም። ምን ልሥራልዎት ስላቸው «አብሽሪ፣ ደኅና ነኝ» ይሉኛል። እኔ ከፈረቃ ስመለስ ቀድቼላቸው የሄድሁትን ሻይ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ከዕለት ወደ ዕለት እያነሱ ነው፤ እኔም አያለሁ እንጂ የማደርገው የለኝም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ጎረቤታችን ከደሴ ያንን መድኃኒት አምጪልኝ ብሎኝ አመጣሁለት። ማስጠንቀቂያውን ሁሉ ነገርሁት፤ ስለ ሰሌኑና ስለ ዱዓው ግን ያንን ቃል ማውጣት አልቻልሁም። አፌ ላይ የአባቴ እጅ ያለ ይመስለኛል። ሊዘራ አንድ ቀን ሲቀረው ደወለና አባትሽን አገናኚኝ አለ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁ።

ሽማግሌዎቹን ከጁምዓ በኋላ እንደጠራ፣ ዘሩንም ሜዳው ላይ እንደሚያሰጣ ሲነግራቸው ከስልኩ ይሰማኛል። እርስዎም ቢገኙ ይል ነበር። አባቴ ለመምጣት ጉልበት የለኝም አሉት። ከዚያ ትንሽ ቆይተው፣ ድምፃቸውን አስተካክለው፣ «ዱዓውን ግራሩ ሥር አድርጉት» አሉ። «ሸህዬው እግራቸውን ያማቸዋል፣ ፀሐይ አይችሉም። ዘሩንም ሜዳ ላይ አትበትነው፣ እንደተከደነ እዚያው ጥላው ላይ ፊታቸው አቅርበው፤ ተነስተው እንዳይደክሙ። ሲያበቁም ወዲያው ቅበረው።»

ጎረቤታችን ለሸህዬው ስላሰቡላቸው አመሰገነና አላህ ይስጥልኝ አለ። አባቴ «አሚን» አሉ። ስልኩን መልሰው ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። የፈረቃ ሰዓቴ ደርሶ ስለነበር በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።